ውሻችሁ ማከክ ካላቆመ፦ የቆዳ ፈንገስና ባክቴሪያን ከምልክቱ ተነስቶ ማከም

ውሻ ሲያክ ብዙ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚባለው «ቁንጫ ነው» ነው። ይታጠባል። ካልተሻለው የሰው መድኃኒት ቤት ተሂዶ ቅባት ይገዛል። ቅባቱ ለጥቂት ቀን ያስታግሰዋል፣ ከዚያ ብሶ ይመለሳል። ውሻው በዚህ ሁሉ መሃል እያከከ፣ እየላሰ፣ ራሱን እየነከሰ ያድራል። በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አብዛኛው የውሻ ቆዳ ኢንፌክሽን በትክክል ከተያዘ የሚድን ነው።

በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ናቸው። አንዱ ማላሴዚያ የሚባል የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ነው። ሌላው ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሁለቱም በጤነኛ ውሻ ቆዳ ላይ በትንሹ ይኖራሉ፣ ያኔ ምንም አያደርጉም። ቆዳው በአለርጂ ሲቆጣ፣ ቁንጫ ሲበዛበት ወይም እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ግን ይራባሉ። ስለዚህ ኢንፌክሽኑን ማጥፋት የሥራው ግማሽ ነው። እንዲራቡ ያደረጋቸውን ነገር ካላገኛችሁት ብዙም ሳይቆይ ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

ምልክት፦ መጥፎ ሽታ፣ ቅባት የበዛበት ቆዳ፣ እግር መላስ

ውሻው ከታጠበ ትንሽ ቀን ሳይቆይ የቆየ ቅባት የሚመስል ሽታ ከመጣ ፈንገሱን ጠርጥሩ። ማላሴዚያ ሙቀት፣ እርጥበትና የቆዳ እጥፋት ይወዳል። የእግር ጣቶች መሃል፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ የአንገት ሥርና ጆሮ ውስጥ ፈልጉት። ፀጉሩ ነጣ ያለ ውሻ ከሆነ ሁልጊዜ የሚልሰው እግር ወደ ቡናማ ይለወጣል። ማሳከኩ ከባድ ነው። ወራት ከቆየ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ይሸበሸባል፣ ፀጉሩም ይረግፋል። ይህን ሲያዩ «አርጅቶ ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። እርጅና አይደለም። ሲታከም ቆዳው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።

ምልክት፦ መግል የያዘ ብጉር፣ ክብ ቅርፊት፣ እዚህም እዚያም የረገፈ ፀጉር

ይህ ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያው ነው። ውሻውን በጀርባው አስተኝታችሁ ሆዱንና ብሽሽቱን እዩ። ትንንሽ ቀይ ብጉሮች ታገኛላችሁ፣ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ መግል ይዘዋል። ብጉሩ ቶሎ ስለሚፈነዳ ብዙ ጊዜ የሚታየው የተረፈው ነው፤ ዙሪያው የተላጠ ክብ ምልክት። ፀጉረ አጭር ውሻ ላይ ደግሞ ፀጉሩ በትንንሽ ክብ ቦታዎች ይረግፋል።

ቁስሉ ካበጠ፣ ሲነካ ካመመው፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ከወጣው ኢንፌክሽኑ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያ የቤት ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ፈንገሱና ባክቴሪያው አብረው መምጣታቸው የተለመደ ነው። አንዱ ብቻ ታክሞ ውሻው ግማሽ በግማሽ ተሽሎት የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ምልክት፦ በአንድ ሌሊት የወጣ ቀይ፣ እርጥብ ቁስል

ማታ ደህና የነበረ ውሻ ጠዋት ጉንጩ፣ አንገቱ ወይም ዳሌው ላይ የመዳፍ ያህል የሚያዥ ቁስል ይዞ ይነሳል። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ፀጉረ ብዙ ውሾች ላይ፣ በተለይ ዝናብ ደብድቧቸው ሳይደርቁ ካደሩ፣ ያጋጥማል። መነሻው አንድ የሚያሳክክ ነገር ነው፤ ቁንጫ፣ መዥገር የነከሰበት ቦታ ወይም የታመመ ጆሮ። ውሻው ራሱ እያከከና እየላሰ ያሰፋዋል።

በዙሪያው ያለውን ፀጉር በጥንቃቄ ቁረጡ፣ አየር እንዲያገኝ። ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ ውህድ አጽዱትና ይድረቅ። እንዳይልሰው አንገቱ ላይ ሾጣጣውን ፕላስቲክ አድርጉለት። ቁስሉ በጣም ያማል፤ ለማዳ ውሻም ሊነክስ ይችላል። አፉን ሳታስሩ አትጀምሩ።

ምልክት፦ ጭንቅላት መነቅነቅ፣ ከጆሮ የሚወጣ ቡናማ ቆሻሻ

ጆሮም ቆዳ ነው፤ ያው ፈንገስና ያው ባክቴሪያ እዚያም ይራባሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ፦ የጆሮው ታምቡር ደህና መሆኑን ሐኪም ሳያይ ምንም ነገር ውስጥ አታንጠባጥቡ። ታምቡሩ ከተቀደደ ክሎርሄክሲዲንን ጨምሮ አንዳንድ መድኃኒቶች የመስማት ችሎታውን ሊያጠፉ ይችላሉ። ውሻው ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይም ሲሄድ ከተንገዳገደ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት።

የሚመስሉ ሌሎች ችግሮች

የጆሮው ጠርዝ፣ ክርኑና የኋላ እግሩ መታጠፊያ ተቀርፎ ማከኩ ዕረፍት ከነሳው እከክ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ያለ ሰውም ማሳከክ ከጀመረው ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ እከክ ከውሻ ወደ ሰው ይሻገራል። ጭርትም እንዲሁ። ልጆች ካሉ ይህን መለየት ይቅደም። ቡችላ ላይ ደግሞ ሳያሳክክ ፀጉር የሚያረግፍ ዴሞዴክስ የሚባል ጥቃቅን ተባይ አለ።

ከመድኃኒት በፊት ማይክሮስኮፕ

ከዚህ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ብትወስዱ ደስ ይለኛል። ሐኪሙ ቆዳው ላይ ግልጽ ፕላስተር ወይም ስላይድ የሚባለውን ቀጭን መስታወት ይለጥፋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ደቂቃዎች የሚፈጅ፣ ዋጋው ቀላል የሆነ ምርመራ ነው። ፈንገስ ነው? ባክቴሪያ ነው? ሁለቱም? ወዲያው ይታወቃል። ቆዳውን በምላጭ ፋቅ አድርጎ ማየት ደግሞ እከክንና ዴሞዴክስን ለመለየት ይረዳል። «ስላይድ ይሠራልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ክሊኒኮች አሉ። ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው።

ዋናው መድኃኒት፦ ሻምፑ፣ በትክክል ከታጠበ

ላይ ላዩን ላለ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ማጠብ ብቻውን ይበቃል። ሰው ይህን አያምንም። ሻምፑ ንጽህና እንጂ ሕክምና አይመስለውም። አሠራሩ ላይ ስለሚሳሳቱ ነው ውጤት የሚያጡት።

ጠርሙሱ ላይ የማስታወቂያውን ጽሑፍ ትታችሁ ንጥረ ነገሩን አንብቡ። ለባክቴሪያ ከ2 እስከ 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ያለው ይፈለጋል። ለፈንገስ 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲንና 2 በመቶ ማይኮናዞል (ፀረ ፈንገስ) የተቀላቀሉበት በደንብ የታወቀ ነው፤ ፈንገሱና ባክቴሪያው አብረው ሲመጡም ይሠራል። አገር ውስጥ ካላገኛችሁት ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ይህንኑ ንጥረ ነገር ጽፋችሁ ላኩለት።

ውሻው በጣም ቅባታም ከሆነ መጀመሪያ ለስለስ ባለ የውሻ ሻምፑ ቅባቱን አንሱ። ከዚያ የመድኃኒቱን ሻምፑ እስከ ቆዳው ድረስ አሹት። አሁን ሰዓት ያዙ፦ 10 ደቂቃ። ቆጠራው የሚጀምረው አረፋው ሁሉም ቦታ ከደረሰ በኋላ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነውና ወዲያው ካለቀለቃችሁት ገንዘባችሁም አብሮ ፈሰሰ። ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ፤ ክሎርሄክሲዲን ዓይን ይጎዳል። ከዚያ በለብታ ውሃ በደንብ አለቅልቁ።

ማድረቁ ሌላ ትልቅ ሥራ ነው። በተለይ ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ግቢ ውስጥ የሚያድር ውሻ ታጥቦ እርጥብ ጆንያ ላይ ከተኛ ፈንገሱን መልሳችሁ ዘራችሁት። ቀን በፀሐይ እጠቡት፣ ጣቶቹ መሃል ድረስ በፎጣ አድርቁት፣ መኝታውንም ቀይሩ።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ለሦስት ወይም አራት ሳምንት ይህን አድርጉ። ሽታው ጠፋ ብላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት አታቁሙ።

የሚዋጥ መድኃኒት መቼ?

ኢንፌክሽኑ ጥልቅ ሲሆን፣ ሰውነቱን ሁሉ ሲያዳርስ ወይም በማጠብ ካልተሻለው። ለባክቴሪያ በብዛት የሚታዘዘው ሴፋሌክሲን ነው። ሐኪሙ በውሻው ክብደት ያሰላዋል፣ ብዙውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል። ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን አትስጡ። የውሻ ቆዳ ስታፊሎኮከስ አብዛኛውን ጊዜ ይህን መድኃኒት የሚሰባብር ኢንዛይም ስለሚያመነጭ አይሠራም። ጀምሮ ማቋረጥም መድኃኒት የተለማመደ ባክቴሪያ ያመጣል። በትክክል ተሰጥቶም ካልተሻለው ባክቴሪያው በላብራቶሪ ተዘርቶ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታይ።

ለከባድ ፈንገስ ኢትራኮናዞል ወይም ኬቶኮናዞል ይታዘዛል። ሁለቱም ጉበት ሊነኩ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም አይጀመሩም።

እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣና ላምባ አትቀቡት። ቆዳውን ያቃጥላሉ፣ ሲልሰው ደግሞ ይመርዙታል። ለከብት የሚረጭ ፀረ ተባይም እንዲሁ ነው። የልብስ ሳሙና ቆዳውን ያደርቀዋል። ለከብት የሚወጋ አይቨርሜክቲን በግምት መስጠት አደገኛ ነው፤ እንደ ኮሊና አውስትራሊያን ሼፐርድ ያሉ ዝርያዎችን ሊገድል ይችላል። ለማስታገስ ብሎ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም ፓራሲታሞል መስጠትም አይሆንም። ስቴሮይድ ያለበት የሰው ቅባት ማሳከኩን ለጊዜው ይሸፍናል፣ ከሥሩ ኢንፌክሽኑ ይሰፋል። መግቢያው ላይ ያነሳሁት «ብሶ ይመለሳል» አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ታክሞ ከተመለሰስ?

መነሻውን ፈልጉ። ቁንጫ መጀመሪያ ይመርመር፣ በተለይ ማከኩ ወገቡና የጭራው ሥር ላይ ከሆነ። አለርጂ ላለበት ውሻ ጥቂት ንክሻ ይበቃዋል። ግቢው ውስጥ ያሉት ውሾችና ድመቶች ሁሉ አንድ ላይ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ይታከሙ፤ መኝታቸውም ይታጠብ። ነገር ግን ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ መድኃኒት ድመት ላይ አታድርጉ፤ ይገድላታል።

ቁንጫ ከሌለ ምግቡን እዩ። ውሻ ላይ በብዛት አለርጂ ከሚያመጡት መካከል የበሬ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ ይገኙበታል። ብዙው የእኛ አገር ውሻ ደግሞ የሚኖረው በሥጋ ቤት ትርፍራፊና በዳቦ ነው። ቢያንስ ለ8 ሳምንት ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን ብቻ ስጡት፤ ለምሳሌ የተቀቀለ ዓሣና ድንች። ዘበኛውም፣ ሠራተኛዋም፣ ልጆቹም ይህን ይወቁ። በመሃል አንዲት ቁራሽ ሥጋ ከተወረወረለት ሙከራው ይበላሻል። ማሳከኩ ከቀነሰ የድሮውን ምግብ መልሱና እዩ፤ ተመልሶ ካሳከከው ምክንያቱ ተገኘ።

ምግቡም ካልሆነ የአቧራና የአበባ ብናኝ አለርጂ ይቀራል። ወፍሮ የፈዘዘና ፀጉሩ የሳሳ ትልቅ ውሻ ከሆነ የታይሮይድ የደም ምርመራ ይሠራለት። የአካባቢ አለርጂ ጨርሶ አይድንም፤ ግን ይያዛል። ውጭ አገር የምትኖሩ እንደ አፖኩዌል ያሉ ማሳከክን የሚያስታግሱ መድኃኒቶችን ሐኪማችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። የትም ሆናችሁ ግን እንዲህ ያለ ውሻ ደህና በሆነበት ጊዜም በሳምንት አንዴ በመድኃኒቱ ሻምፑ ይታጠብ። እግሩን መላስ እንደገና ሲጀምር ወደ ሁለት ጊዜ አሳድጉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ ስላይዱ ይደገም።