ትንሽ አውሮፕላን በሰፈርዎ አቅራቢያ ቢወድቅ፦ የነፍስ አድን ሠራተኞች እስኪደርሱ ምን ይደረጋል?

በክረምት ቀን በለገጣፎ፣ በሱሉልታ ወይም በአቃቂ ዳርቻ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ጉም ውጦት ቢወድቅ፣ ከእሳት አደጋ መኪናው ቀድሞ የሚደርሰው ገበሬው፣ እረኛው ወይም የግንባታ ሠራተኛው ነው። ከአየር ጠባይ ጋር ባይያያዝም፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ ጊምቢቹ ወረዳ በወደቀው ትልቅ አውሮፕላን ዘንድ መጀመሪያ የደረሱት የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ሲሆን፣ በሰሜን እንጦጦ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ከ3,000 ሜትር በላይ ይቆማሉ፤ በዚህ ስስ አየር የትንሽ አውሮፕላን ሞተርም ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ ደመና ሲወርድ አብራሪው ስሕተት የሚያርምበት ፋታ ጠባብ ነው።

መጀመሪያ ይደውሉ፦ ለእሳት አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991። የሰፈር ስም ብቻ አይበቃም፤ የቅርቡን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ይጥቀሱ፣ ከስልክዎ ካርታ የቦታውን ቁጥር ያንብቡላቸው። የዋልካ አፈር በዝናብ መኪና ስለሚይዝ፣ መንገዱ እስከ የት እንደሚያስኬድ ይንገሯቸው፤ አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው፣ ሌላው ቃሬዛ ያምጣ።

ወደ አውሮፕላኑ ሲጠጉ ነፋሱን ከጀርባዎ ያድርጉ። ብዙዎቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች ነዳጃቸውን በክንፋቸው ውስጥ ይይዛሉ፤ በፒስተን ሞተር የሚሠሩት የሚጠቀሙት ነዳጅ ደግሞ እንደ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል፣ ሲጋራም ኩራዝም ከአካባቢው ይራቅ። የቆመ ፕሮፔለር አይነካም፤ በእጅ ቢዞር ሞተሩ ድንገት ሊነሣ ይችላል። አንዳንድ ዘመናዊ ትናንሽ አውሮፕላኖች መላ አካላቸውን የሚያወርድ ፓራሹት በሮኬት ስለሚያስወነጭፉ፣ በገላቸው ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ካዩ ከዚያ ወገን አይቁሙ።

እሳት ከሌለና ጭስም ካልታየ፣ የተጎዳውን ሰው ከመቀመጫው አያውጡ። አንገቱ ሳይነቃነቅ ጭንቅላቱን ይያዙለት፣ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ፣ ዝናቡና ብርዱ እንዳይጎዳው በጋቢ ይሸፍኑት። ውኃም ሆነ አረቄ አይስጡት፤ የደጋጎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነውና አስቀድሞ መከልከል ይሻላል። እሳት ከተነሣ ግን ይህ ሁሉ ይቀርና ፈጥኖ ማውጣት ይቀድማል። አውሮፕላኑ ተገልብጦ ሰውዬው በቀበቶው ተንጠልጥሎ ከሆነ፣ በቅድሚያ ሰውነቱን ደግፈው ከያዙ በኋላ ቀበቶውን ይፍቱ፤ አለበለዚያ በአንገቱ ይወድቃል። ንቁ የሆነውን ሰው ስንት እንደነበሩ ይጠይቁ፣ ተወርውሮ የወደቀ እንዳለ ማሳውንና የውኃ መውረጃውን ይፈልጉ። «ደህና ነኝ» ብሎ የቆመውም ቢሆን ውስጡ ሊደማ ስለሚችል ተቀምጦ ሐኪም ይጠብቅ።

ሕይወት ከተረፈ ወይም ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሥራ ምንም ሳይነኩ መጠበቅ ነው። ብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች በተለምዶ ጥቁር ሣጥን የምንለው፣ ቀለሙ ግን ብርቱካናማ የሆነው መቅጃ የላቸውም፤ ስለዚህ መርማሪው የሚያነበው ስብርባሪው የተበተነበትን ሁኔታ፣ መሬት ላይ የቀረውን ጭረት፣ የመሣሪያዎቹን መርፌ ነው። ለቆራሌው ሊሸጥ የተነሣ አንድ ቁራጭ ብረት የአደጋውን ምክንያት ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ተጎጂ ለማውጣት መነሣት ያለበት ነገር ካለ መጀመሪያ ፎቶ ይነሣ፣ ከየት ወደየት እንደተዛወረ ይመዝገብ። ዝናብ ስለሚያጥበው የመሬቱንም ጭረት ወዲያው ፎቶ ያንሡት። የሟቾችን ፎቶ ግን ለመርማሪ ካልሆነ በቀር ለማንም አይላኩ፤ ቤተሰብ መርዶውን ከስልክ መስማት የለበትም።

ምስክርነትዎንም ከጎረቤት ጋር ከመወያየትዎ በፊት ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ አውሮፕላኑ ከየት ወደየት ይበር እንደነበር፣ የሞተሩ ድምፅ እኩል ይሁን የተቆራረጠ፣ ጉሙ የትኛውን ጉብታ ሸፍኖ እንደነበር፣ በረዶ ጥሎ እንደሆነ። ያላዩትን «ሳይፈነዳ አልቀረም» ብለው አይጨምሩ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ዐባሪ 13 እንደሚለው የምርመራው ዓላማ ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደገም እንጂ ጥፋተኛ ለመለየት አይደለም፤ ስለዚህ ሳይሰጉ ያነሡትን ዕቃና የጻፉትን ወረቀት ለደረሰው ፖሊስ አስረክበው ስሙንና ሰዓቱን ይመዝግቡ።