ትምህርት ቤት አጠገብ ወደ ግራ ሲታጠፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መኪና ቀኝ ይዞ በሚሄድበት አገር ሁሉ ከባዱ መታጠፊያ የግራው ነው። ከፊት የሚመጣውን ማሳለፍ አለ። መብራቱ ልቀየር ይላል። ከኋላ ክላክስ የሚነፋ አይጠፋም። ቦታው ትምህርት ቤት አጠገብ ሲሆን ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ልጆች ይጨመራሉ። ቁመታቸው አጭር ነው፣ ይሮጣሉ፣ ጓደኛቸው ከተሻገረ መኪና ትዝ አይላቸውም።

የኒው ዮርክ ከተማ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ወደ ግራ በሚታጠፉ መኪናዎች የሚሞቱና ክፉኛ የሚጎዱ እግረኞች ወደ ቀኝ በሚታጠፉት ከሚጎዱት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቀኝ መታጠፊያ ጠባብ ስለሆነ በግድ ያዘገያል። የግራው ሰፊ ነው፤ ፍጥነት ይዞ ለመግባት ይመቻል። የሹፌሩ ሐሳብም ሌላ ቦታ ነው።

ከፊት የሚመጣውን መኪና ብቻ ማየት

የስህተቶቹ ሁሉ አባት ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሹፌሩ ፍሬቻ አሳይቶ ቆሟል። ዓይኑ ከፊት በሚመጡት መኪናዎች ላይ ተተክሏል፤ ክፍተት እየፈለገ ነው። ክፍተቷ ስትገኝ ነዳጅ ይሰጣል፣ መሪውን ያዞራል። ወደሚገባበት መንገድ ቀና ብሎ የሚያየው ገና ያኔ ነው። ዜብራው ላይ ደግሞ ልጆች አሉ።

አሁን ምን ያድርግ? ቢቀጥል ልጆቹ ላይ ነው። ቢቆም የመኪናው ጎን ለሚመጣው መኪና ተጋልጧል። እንዲህ የተያዘ ሰው ጥሩ ውሳኔ አይወስንም። ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው በልጆቹ መሐል ሾልኮ ለማለፍ መሞከር ነው።

መፍትሔው የማየቱን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። መጀመሪያ መውጫውን ይዩ። ዜብራው ላይ ሰው አለ? ወደ ዜብራው እየተጠጋ ያለስ? ከዜብራው አልፎ መኪናዎ ሙሉ በሙሉ የሚገባበት ቦታ አለ ወይስ ልጅ የሚያወርዱ ወላጆች ተሰልፈው ዘግተውታል? ይህ ሁሉ ሲጸዳ ከፊት የሚመጣውን ይመልከቱ። መሪውን ከማዞርዎ በፊት ደግሞ አንዴ ወደ መውጫው ይመለሱ። መውጫው ካልጸዳ፣ ከፊት ምንም ያህል ሰፊ ክፍተት ቢመጣ የእርስዎ አይደለም። ይለፍ፤ ሌላ ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የትራፊክ መብራት ባለበት መስቀለኛ መንገድ ለእርስዎ አረንጓዴ ሲበራ፣ በብዙ ቦታ እርስዎ የሚገቡበትን መንገድ ለሚያቋርጡ እግረኞችም አብሮ ይበራል። ስለዚህ አረንጓዴ መብራት ማለት ባዶ መንገድ ማለት አይደለም። ከእነዚህ እግረኞች ግማሾቹ ደግሞ የሚመጡት ከኋላዎ ነው። በግራዎ ባለው የእግረኛ መንገድ ከእርስዎ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሄዱና ዜብራው ጋ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ይሻገራሉ። ፊት ለፊት ብቻ የሚያይ ሹፌር አያገኛቸውም። የግራውን ስፖኪዮ ማየት፣ ከዚያም አንገትን መለስ አድርጎ በግራ ትከሻ በኩል መቃኘት ያስፈልጋል።

የመኪናውን ምሰሶ መርሳት

የፊት መስታወቱን ከጎን መስኮቱ የሚለየው ምሰሶ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ወፍራም ነው። መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ተብሎ ነው የወፈረው፤ ክፉ ነገር አይደለም። ግን አሥር ሜትር ርቀት ላይ ያለ ልጅን ሙሉ በሙሉ ሊሸፍን ይችላል።

የሚያስፈራው ደግሞ ይሄ ነው፦ እርስዎ ቀስ ብለው ወደ ግራ ሲዞሩ ምሰሶውም አብሮ ይዞራል። ልጁ በዚያው ልክ ከተራመደ ከምሰሶው ጀርባ ሳይወጣ ዜብራው መሐል ይደርሳል። «ድንገት ከየት መጣ?» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ ከየትም አልመጣም፤ እዚያው ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመታጠፍዎ በፊት ከወገብዎ ወደፊት ዘንበል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው ከምሰሶው በዚህም በዚያም በኩል ይዩ። ጭንቅላት ብቻ ማዞር በቂ አይደለም። ከመስታወቱ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥና መሪው ፊት የሚለጠፍ ስልክ ካለ ደግሞ ያንሱት፤ ችግሩን እያባባሱት ነው።

ጥጉን ቆርጦ መግባት

ገና መስቀለኛው ሳይደርሱ በሰያፍ መታጠፍ የተለመደ ነው። ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። እንዲህ የታጠፈ መኪና ግን ከተቃራኒ የሚመጣውን ረድፍ ረግጦ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ ዜብራውን በሰያፍ ያቋርጣል። ዜብራው ላይ የሚቆይበት ርቀትም ይረዝማል።

ትክክለኛው ወደ መስቀለኛው መሐል ቀጥ ብሎ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ ቀጤ ማዕዘን (90 ዲግሪ) በተጠጋ አኳኋን ወደ ግራ መዞር ነው። እንዲህ ሲያደርጉ መኪናው ራሱ ያዘገይዎታል፤ ዜብራውም ፊት ለፊትዎ ተዘርግቶ ይታያል።

ፍጥነትን በተመለከተ ትንሽ ስሌት እናድርግ። የዓለም ጤና ድርጅት ሰውና መኪና በሚቀላቀሉበት መንገድ ላይ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ያ ግን ቀጥታ መንገድ ላይ ጣሪያው ነው እንጂ የመታጠፊያ ፍጥነት አይደለም። በ30 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። አደጋ አይቶ እግርን ፍሬን ላይ ለማድረስ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ ፍሬኑ ገና ሳይነካ መኪናው ዜብራውን ከዳር እስከ ዳር አልፎታል ማለት ነው። ልጅ ባለበት መታጠፊያ ሰው ሶምሶማ ከሚሮጥበት ፍጥነት አይለፉ።

ጎማ አዙሮ መጠበቅ

ክፍተት እየጠበቁ መሪውን አስቀድሞ ወደ ግራ ማዞር ዝግጁነት ይመስላል። ከኋላ አንድ ያልተጠነቀቀ መኪና ቢገጭዎት ግን ጎማዎ ወደ ዞረበት ይገፋሉ፤ ማለትም በቀጥታ ከፊት በሚመጣው ረድፍ ውስጥ። ጎማው ቀጥ ብሎ ይጠብቅ። መሪው የሚዞረው መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው።

በእጅ ምልክት መተማመን

ከፊት የሚመጣው ሹፌር ቆሞ «እለፍ» ብሎ እጁን ያወዛውዛል፣ ወይም መብራት ብልጭ ያደርግልዎታል። ደግ ሰው ነው። ግን የፈቀደልዎ የራሱን ረድፍ ብቻ ነው። ከጎኑ ሌላ ረድፍ ካለ፣ እዚያ የሚመጣው መኪና ምንም አያውቅም። በቆመው መኪና ዳር ሾልኮ የሚመጣ ሞተር ሳይክልም ሊኖር ይችላል። ሞተር ሳይክል ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ከእውነተኛው ርቀቱ የራቀ፣ ከእውነተኛው ፍጥነቱም የዘገየ መስሎ ይታያል። አመስግነው፣ የመኪናዎን አፍንጫ ቀስ ብለው አውጥተው፣ በራስዎ ዓይን አይተው ይለፉ። ካልታየዎት አይለፉ። ደጉ ሰውዬ ቢናደድ ይናደድ።

ለልጆችም እንዲሁ ነው። ቆመው ይጠብቋቸው እንጂ «ተሻገሩ» እያሉ በእጅ አይጥሯቸው። ልጅ ትልቅ ሰው ተሻገር ካለው ሌላውን አቅጣጫ ሳያይ ይሮጣል። ያንን የማድረግ ሥልጣን ያለው ተማሪ አሻጋሪው ነው። አሻጋሪው ምልክቱን ካነሳ፣ መብራቱ አረንጓዴ ቢሆንም ይቆማሉ፤ ከመንገዱ እስኪወርድም ይጠብቃሉ።

የመጀመሪያው ልጅ አለፈ ብሎ መነሳት

ልጆች ተከታትለው ነው የሚሻገሩት። አንዱ ሲያልፍ ሁለተኛው ወደኋላ ቀርቶ ጫማውን እያሰረ ይሆናል፤ ጓደኛው እንደጣለው ሲያውቅ ይፈተለካል። የወደቀ ደብተር ለማንሳት ከመሐል መንገድ የሚመለስም አለ። ልጆች የሚመጣ መኪናን ፍጥነት መገመት ይከብዳቸዋል። ደግሞ መኪናውን ካዩት መኪናውም ያያቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ ዓይን ለዓይን መተያየታችሁ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከቆመ የትምህርት ቤት ሰርቪስ አካባቢ ከሆነ ደግሞ፣ ከፊቱ የሚወጣ ልጅ እንዳለ ቆጥረው ይንዱ።

ለክላክስ መታዘዝ

ከኋላ ክላክስ የሚነፋው ሰው የሚያየው የእርስዎን የኋላ መብራት ነው። ዜብራውን አያይም። ይንፋ።

ግራውን እንደ ግዴታ መቁጠር

ልጅ ለማድረስ ወደ ትምህርት ቤቱ በር በግራ መግባት የግድ አይደለም። በጠዋቱ ሰዓት ከፊት የሚመጣው አይቆምም፣ በሩ ላይ ሰልፍ አለ፣ ልጆች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ቀጥታ አልፈው ቀጣዮቹን መታጠፊያዎች ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ቢዞሩ፣ መንገዶቹ ከተገናኙ ሊገቡበት ወደፈለጉት አቅጣጫ ይወጣሉ። ዩፒኤስ የተባለው የአሜሪካ ዕቃ አድራሽ ኩባንያ እንኳ ለሾፌሮቹ መስመር ሲያወጣ የግራ መታጠፊያን በተቻለ መጠን ይቀንሳል፤ ቆሞ መጠበቁ ነዳጅና ጊዜ ይበላል፣ አደጋውም ይበዛል።

ዞር ብሎ መምጣቱ ሌላም ጥቅም አለው። ትምህርት ቤቱ በቀኝዎ በሚሆንበት አቅጣጫ ከመጡ፣ መኪናዎ በትምህርት ቤቱ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ይቆማል። ልጅዎ በእግረኛ መንገዱ በኩል ባለው በር ይወርዳል፤ መንገድም አይሻገርም።