ለፀጉራም ውሻ የአንገት ማሰሪያ ሲመረጥ

ጎንደር ውስጥ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ብዙውን ጊዜ አንገቱ ላይ የሚያስርለት በእጁ የተገኘውን ነው፤ አሮጌ የሱሪ ቀበቶ፣ የጭነት ገመድ ቁራጭ፣ ካልሆነም ሰንሰለቱን ራሱ አንገቱ ላይ አዙሮ በቁልፍ መቆለፍ። አጭር ፀጉር ያለው የሰፈር ውሻ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ቢጎዳም ቁስሉ ከሩቅ ይታያል። ጀርመን ሸፐርድና ከእሱ ጋር የተዳቀሉ ውሾች ግን ፀጉራቸው ድርብ ነው። ከላይ ያለው ረዘምና ጠንከር ያለ ሲሆን ከሥሩ ያለው እንደ ባዘቶ የለሰለሰና የታመቀ ነው። ውሃ ሲገባው ቶሎ የማይደርቀውም፣ ሲታሽ የሚቋጠረውም፣ ከሥሩ የሚደርሰውን ጉዳት ከባለቤቱ ዓይን የሚሸፍነውም ይኸው የውስጠኛው ፀጉር ነው። በዚህ ምክንያት የፀጉራም ውሻ ማሰሪያ በዓይን ግምት ሊመረጥ አይችልም።

ሥራው የሚጀምረው ገበያ ከመወጣቱ በፊት፣ እቤት፣ አንገቱን በመለካት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ካልተገኘ አንገቱን በሲባጎ ለክቶ ሲባጎውን ማስመሪያ ላይ መዘርጋት ይቻላል። ውሻው ቆሞ ራሱን እንደ ልማዱ እንደያዘ፣ ማሰሪያው በሚያርፍበት በአንገቱ መካከል ፀጉሩ በጣት ተከፍሎ ሜትሩ ወደ ቆዳው እንዲጠጋ ይደረጋል፤ ከፀጉሩ ላይ ብቻ ከተለካ የሚገኘው ቁጥር የአየሩም መጠን ስለሚጨመርበት ማሰሪያው ኋላ ሰፍቶ በጆሮው በኩል ይወልቃል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የተሻለው የመለኪያ ጊዜ ውሻው የሚታጠብበት ቀን ነው፤ ፀጉሩ ረጥቦ ሰውነቱ ላይ ሲተኛ እውነተኛው አንገት ይወጣል፣ ባለቤቱም ያን ያህል ቀጭን መሆኑን አይቶ ይገረማል። ሙሉ ዕድገቱን የጨረሰ ጀርመን ሸፐርድ አንገቱ በዚህ መንገድ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ልክ ላይ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮ የሚገኘው ርዝመት ማሰሪያው መካከለኛው ቀዳዳ ላይ ሲቆለፍ ሊኖረው የሚገባው ነው። ከመካከለኛው ቀዳዳ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ቀዳዳዎች፣ በመካከላቸውም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ቢኖር ውሻው ሲከሳም ሲወፍርም ማሰሪያው ያገለግላል።

ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ በሁለት ጣት የመፈተኑ ልማድ ትክክል ነው፤ በፀጉራም ውሻ ላይ ግን ብዙ ሰው አፈጻጸሙን ይስታል። ሁለቱ ጣቶች ጎን ለጎን ሆነው በማሰሪያው ሥር መግባት ያለባቸው ከፀጉሩ ሥር ቆዳውን እየነኩ ነው እንጂ በፀጉሩና በማሰሪያው መካከል አይደለም። ቀጥሎ ማሰሪያውን ከኋላ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዎቹ መሳብ ያስፈልጋል፤ ጆሮዎቹን ካለፈ ሰፍቷል፣ ውሻው ካሳለ ወይም ምላሱን ካወጣ ደግሞ ጠቧል ማለት ነው።

ስለ ቅርጹ ሰው ሁሉ ሰፊ ማሰሪያ ይመቻል ብሎ ያስባል። ለአጭር ፀጉር ውሻ አባባሉ እውነትነት አለው፤ ጉተታው በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚከፋፈል ጉሮሮውን አይቆርጠውም። ፀጉሩ ረጅምና ጥቅጥቅ ባለ ውሻ ላይ ግን አራት ጣት የሚሆን ጠፍጣፋ ማሰሪያ ሲውል ሲያድር ከሥሩ ያለውን ፀጉር እያሸ ይቋጥረዋል፣ በጠርዙም ይቆርጠዋል፤ ከወራት በኋላ ሲፈታ አንገቱ ዙሪያውን ተላጭቶ ይገኛል። ለእንዲህ ያለው ውሻ የሚሻለው ክብ ማሰሪያ ነው። ይህም ቀጭን ገመድ በለፋ ቆዳ ተጠቅልሎና ተሰፍቶ፣ ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል ሆኖ የሚሠራ ሲሆን ፀጉሩ መካከል ገብቶ ስለሚቀመጥ አይቋጥርም፣ መልኩንም አያበላሽም። ጉድለቱ ጉተታን በአንድ መስመር ላይ ማከማቸቱ ነውና፣ እንደ በሬ ለሚጎትት ውሻ ክብ ማሰሪያ አይሆንም። ለእሱ ስፋቱ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ በደንብ የተድቦለቦለ ጠፍጣፋ ማሰሪያ መካከለኛ መፍትሔ ይሆናል፤ ለእግር ጉዞ ሲወጣ ደግሞ ገመዱ አንገቱ ላይ ሳይሆን ደረቱን በሚይዝ መታጠቂያ ላይ ቢታሰር ጉሮሮው ከጉዳት ይድናል።

ከሚገኙት ነገሮች ሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው ቆዳ ነው፤ ነገር ግን ቆዳ ሁሉ አንድ አይደለም። መጀመሪያ መገለል ያለበት ጠፍር ነው። ጠፍር ያልለፋ ቆዳ በመሆኑ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ አልጋና ወንበር በእርጥብ ጠፍር የሚጠለፈው ሲደርቅ እንዲወጠር ተብሎ ነው። በሐምሌ ዝናብ የራሰ ጠፍር በማግስቱ ፀሐይ ሲያገኘው በውሻው አንገት ላይ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ፀጉሩም መጥበቁን ይሸፍነዋል። ከጠፍር ቀጥሎ የሚያታልለው ርካሹ የሱሪ ቀበቶ ነው። ጠርዙን አጠፍ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ከላይና ከታች ስስ ሽፋን፣ መካከሉ ላይ ካርቶን የመሰለ ነገር ከታየ አንድ ክረምት ሳይሻገር ተልጦ ይበጠሳል። ጥሩ ቆዳ ጠርዙ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሆኖ ጭረቱ ይታያል፤ ሲታጠፍ ይሸበሸባል እንጂ አይሰነጠቅም። እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶበት ቀለሙን መፈተንም ይገባል፤ ጨርቁን ያቀለመ ቆዳ የውሻውንም ፀጉር ያቀልማል።

ጉተታውን ለሚሸከመው ክፍል ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የከብት ቆዳ ይበቃል። ከሥሩ የሚገባው ገበር ግን ሌጦ ቢሆን ይመረጣል። የደጋ በጎቻችን ሌጦ በውጭ አገር ገበያ ለጓንት መሥሪያ የሚፈለገው ስስና ልስልስ ሆኖ ሳለ ጠንካራም ስለሆነ ነው፤ ለውሻ አንገትም ከዚህ የተሻለ ገበር አላውቅም። ለስላሳው ፊት ወደ ፀጉሩ መዞር አለበት፤ ሻካራው ፊት ከዞረ እያንዳንዷን ፀጉር እየያዘ ይነቅላል። ሱፉ ያልተነሣ ሌጦ ለዓይን የሚመች ቢመስልም ውሃ ስለሚይዝ ለክረምት አይሆንም።

ቆዳ ለማይፈልግ ወይም ውሻው በየቀኑ ለሚርስበት ሰው ከአሮጌ መኪና የወጣ የወንበር ቀበቶ መልካም ምትክ ነው። የሚሠራበት ፖሊስተር ከናይለን ያነሰ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ጠርዙ ለሰው አንገትና ደረት ታስቦ ስለተሠራ አይቆርጥም። ስፋቱ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ግን በቁመቱ ለሁለት ታጥፎ መሰፋት አለበት። እንደ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የበጋው ፀሐይ ኃይለኛ በመሆኑ ለዓመታት መስኮት ሥር ተቀምጦ ቀለሙ የነጣ ቀበቶ አቅሙም ሄዷል፤ ስለዚህ ምንም ያልነጣ መምረጥ ያስፈልጋል። በፕላስቲክ ጥርስ ቀጭ ተደርገው የሚቆለፉት ዝግጁ የናይለን ማሰሪያዎች ለቡችላና ለትንሽ ውሻ ይሆናሉ፤ 35 ኪሎ የሚመዝን ጠባቂ ውሻ አጥሩ ላይ ሲንደረደር ፕላስቲኩ እንዲይዘው መጠበቅ ግን አያዋጣም።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ቆዳው ሳይሆን ብረቱ ነው። ዘለበቱና ቀለበቱ ከናስ ቢሆኑ አይዝጉም፤ የናስ ቀለም የተቀባ ብረት ግን በአንድ ክረምት ዝጎ ፀጉሩን ቡናማ ያደርገዋል። ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ናስ ነው ተብሎ የቀረበው ዘለበት ማግኔቱ ላይ ከተጣበቀ ናስ አይደለም። ሰንሰለቱ የሚያያዝበት ቀለበት መጋጠሚያው በብየዳ የተዘጋ መሆን አለበት፤ በጥፍር ዳብሶ ክፍተት የተገኘበት ቀለበት ኃይለኛ ጉተታ ይከፍተዋል፣ ከመከፈቱ በፊትም ፀጉር እየቆነጠረ ውሻውን ያስቸግራል።

ዝግጁ ማሰሪያ ከመግዛት ይልቅ ማሠራትን እመክራለሁ፤ ለፀጉራም ውሻ ተብሎ የተሠራ በሱቅ ማግኘት ይከብዳልና። ቅዳሜ ገበያ ወይም አራዳ አካባቢ ቀበቶና ጫማ የሚሰፉ ባለሙያዎች ዘንድ ልኩንና ዘለበቱን ይዞ መሄድ ይበቃል። ትእዛዙ ግን ግልጽ መሆን አለበት። «ጋሼ፣ ገበሩ ሌጦ ይሁን፣ ለስላሳው ፊት ወደ ውስጥ ይዙርልኝ፤ ዘለበቱና ቀለበቱ አንድ እጥፋት ውስጥ አብረው ይግቡ፤ ምስማር ከመቱበትም ራሱ ከገበሩ ሥር ይቅር» ብሎ መናገር ኋላ ከመጨቃጨቅ ያድናል። ቀለበቱ ከዘለበቱ ጋር በአንድ እጥፋት ውስጥ ከገባ ሁለቱም የሚጎተቱት በደንብ በተሰፋው ቦታ ላይ ይሆናል። ስፌቱ በሰም በታሸ የናይለን ክር፣ በወስፌ ተበስቶ በሁለት መርፌ ከተሰፋ አንዱ ክር ቢበጠስ እንኳ ሌላው ይይዛል፤ የመኪና ስፌት አንድ ቦታ ሲበጠስ ግን መተርተር ይጀምራል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ያህል ስፌት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ማብዛት ቆዳውን እንደ ቴምብር በቀዳዳ ያደክመዋል። ጠርዞቹ በብርጭቆ ስባሪ ተፍቀው በሰም እንዲታሹም መጠየቅ ይገባል፤ ባለሙያው ሳይጠየቅ የማያደርገው፣ የውሻው ፀጉር ግን ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ይህ ነው።

ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ የግቢ ጠባቂ ከሆነ ሰንሰለቱ በምንም ምክንያት በቀጥታ አንገቱ ላይ መዞር የለበትም። የሰንሰለት ዓይኖች ፀጉሩን ይቆነጥራሉ፣ ይሰብራሉ፣ ዝገት ይቀቡታል፤ ሲጎተት የሚጠብቀው ዓይነት ደግሞ ውሻው አጥር ዘሎ ቢንጠለጠል ያንቀዋል። ሰንሰለቱ ከማሰሪያው ቀለበት ጋር የሚያያዘው በራሱ ላይ በሚሽከረከር ማያያዣ ቢሆን አይጠመዘዝም። ሌሊት ሲለቀቅ አጥሩ አስተማማኝ ከሆነ ማሰሪያውን አውልቆ ፀጉሩን ማስተንፈስ ጥሩ ነው፤ ወደ ውጭ የመውጣት ዕድል ካለው ግን ባለቤት እንዳለው የሚያሳየው ማሰሪያው ስለሆነ አይውለቅ፣ ስልክ ቁጥርም ይጻፍበት። ልጆች የሚወዱትን ቃጭል በተመለከተ፣ ከሰው እጅግ የተሻለ በሚሰማ ጆሮ ሥር ቀኑን ሙሉ ማንቃጨል ለውሻው ደስታ አይመስለኝም።

ለቡችላ ውድ ማሰሪያ ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው። በየሳምንቱ የሚያድገው አንገት ከማሰሪያው በላይ ሄዶ፣ ፀጉሩ ሸፍኖት፣ ማሰሪያው ሥጋ ውስጥ እስከ መግባት የሚደርስበት ጊዜ አለ። ዕድገቱን እስኪጨርስ ድረስ ቀላል የናይለን ማሰሪያ አድርጎ በየሁለት ሦስት ቀኑ በጣት መፈተን ይሻላል።

አዲስ የቆዳ ማሰሪያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ከሳምንት በኋላ የሁለት ጣቱ ፈተና እንደገና ይደረግ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የራሰ ማሰሪያ አንገቱ ላይ ማደር የለበትም። ከታመቀው ፀጉር ሥር እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙ ቆዳው ይቀላል፣ ያዣል፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ መዳፍ የሚያህል ቁስል ይሆናል። የረጠበው ቆዳ እሳት ዳር ሳይሆን በጥላ ይድረቅ፤ ደረቅ ሲመስል በስሱ የቆዳ ቅባት ይቀባ። የኑግ ዘይት ከጊዜ በኋላ ይጣበቃል፤ ቅቤ ደግሞ ይሸታል፣ ውሻው ራሱ ማሰሪያውን እንዲያኝከውም ይጋብዘዋል። ከተቻለ ሁለት ማሰሪያ አዘጋጅቶ ማፈራረቅ ለክረምቱ ሁነኛ ዘዴ ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ ማሰሪያውን ፈትቶ አንገቱን በጣት ጫፍ መዳበስና ፀጉሩን ማበጠር ያስፈልጋል። መዥገር ከማሰሪያ ሥር መደበቅ ይወዳል፤ ጣት ላይ እንደ ትንሽ ኪንታሮት ሆኖ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ለእርሻ የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ማሰሪያው ላይ መርጨት ውሻውንም በእጃቸው የሚያሻሹትን ልጆችም ሊመርዝ ይችላል፤ የውሻ መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ይጠየቃል። ፀጉሩ የተነቀለበት፣ የሚሸት ወይም የሚያዥ ቦታ ከተገኘ ማሰሪያው ይውለቅና ውሻው ለሐኪም ይታይ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በከተማው ስላለ ምክር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም ጊዜው ደርሶ ከሆነ በዚያው ይጠየቅ። ማሰሪያው ራሱ የሚጣለው በዘለበቱ እጥፋት ላይ ስንጥቅ ሲታይ፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ጎን ሲረዝሙ ወይም የዘለበቱ ምላስ ሲጎብጥ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከታየ ደግሞ ሌላውን ሳይጠብቁ መቀየር ይገባል።