ጆሮዬን ያሳረፈልኝ ሄድፎን

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ፤ በቀን 6 ሰዓት ሄድፎን ከጆሮዬ አይወርድም። የድሮው ጆሮ ላይ የሚያርፍ ዓይነት ነበርና ጆሮዬን ከመነጽሬ ዘንግ ጋር እያጣበቀ ያቃጥለኝ ነበር።

አዲስ ልገዛ ስል መጀመሪያ ጆሮዬን በማስመሪያ ለካሁ፤ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። ከዚያ ጆሮዬን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ ሰፊ ትራስ ያለውን ፈለግሁ። ሱቅ ውስጥ መነጽሬን ሳላወልቅ ሃያ ደቂቃ አድርጌው ቆየሁ፤ ባለሱቁ እግዜር ይስጠው፣ ታገሠኝ። ገመድ ያለውን መረጥሁ፤ ረከሰልኝ፣ ባትሪ ስለሌለውም አይከብድም።

መጀመሪያ ላይ ጨመቀኝ። በተደረደሩ መጻሕፍት ላይ ወጥሬ ሁለት ሌሊት አሳደርሁት፣ ላላ። ሰው ሠራሹ ቆዳ ግን ያልባል፤ በየሰዓቱ አውልቄ በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ጆሮዬም በዚያው ያርፋል።