ካርቶኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰሞኑን በተከታታይ ሶስት ሰው "ዕቃ ልልክ ነበር፣ እንዴት ላሽገው፣ ወረቀቱ ላይስ ምን ልሙላ" ብሎ ጠየቀኝና ያንኑ መልስ ከምደጋግም በቃ ልጻፈው አልኩ። ኩሪየር ቤት (ዕቃ አድራሽ ድርጅት) ሰርቼ አላውቅም፣ ወር ሳይሞላ ግን የሆነ ነገር ለሆነ ሰው እልካለሁ፣ የማውቀውም አብዛኛው ወይ ተሰብሮብኝ ወይ ሁለት ጊዜ ከፍዬ የተማርኩት ነው።

ዕቃው ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ እናንተ አብራችሁ አትሄዱም፣ ስለሱ የሚናገሩለት ካርቶኑና ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ብቻ ናቸው። ካውንተር ላይ ለተቀበለቻችሁ ልጅ "እባክሽ ተሰባሪ ነው" ብትሏት እሷማ ቀስ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፣ ከዛ ግን ማታ መኪና ላይ ይጫናል፣ ማከፋፈያው ጋ ሲደርስ የሚሄድ ቀበቶ ላይ ይወጣል፣ ስካነሩ ባርኮዱን አንብቦ ወደ መስመሩ ይገፈትረዋል፣ በመንሸራተቻ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከላዩ ደግሞ የማታውቁት ሰው ባለ 25 ኪሎ ዕቃ ይከመርበታል። ማሽኑ "ፍራጃይል" (ተሰባሪ) የሚለውን ስቲከር አያነብም። ለጥፉት፣ ማንም አይከለክላችሁም፣ ግን እሱን ተማምናችሁ ስፖንጅ እንዳትቀንሱ።

ኢስታ የሚባል የማሸጊያ ሙከራ ደረጃ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ማህበር አለ፣ በጣም መሰረታዊው ሙከራቸው ላይ ከ10 ኪሎ በታች የሆነ ካርቶን ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 10 ጊዜ ይጣላል፣ አንዴ በጥጉ፣ ሶስቴ በጠርዙ፣ ስድስቴ በስድስቱም ጎኑ። 76 ሴንቲ ማለት የጠረጴዛ ከፍታ ነው በቃ። እና አሽጋችሁ ስትጨርሱ ይሄን ካርቶን አሁን ከጠረጴዛው ላይ በጥጉ ብገፋው እደፍራለሁ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ልባችሁ ካመነታ ክፈቱትና እንደገና ጀምሩ።

ካርቶኑ ጠንካራ ይሁን፣ ከተቻለ አዲስ። አንዴ የተጓዘ፣ ጥጉ የላላ ወይ እርጥበት የነካው ካርቶን ሲያዩት ደህና ይመስላል እንጂ ጭነት ሲያርፍበት ይጨማደዳል። የጫማ ካርቶን መላኪያ አይደለም፣ ሌላ ካርቶን ውስጥ ነው መግባት ያለበት። ዕቃው በየአቅጣጫው ከካርቶኑ ግድግዳ ቢያንስ 5 ሴንቲ ይራቅ፣ ሜትር ከሌላችሁ ሶስት ጣት በሉት፣ ያንን ክፍተት በባብል ራፕ (ያቺ ልጆች ጷ ጷ የሚያደርጓት ላስቲክ) ወይም ጠበቅ ተደርጎ በተጨማደደ ወረቀት ሙሉት። ወረቀት ከሆነ ግን ብዙ አድርጉ፣ መንገድ ላይ እየተጫነ ስለሚሟሽሽ ስትዘጉ ጢም ያለው ሲደርስ ግማሽ ሊሆን ይችላል።

አንዴ ስድስት ብርጭቆ ላኩ። ሁሉንም ባንድ ላይ በወፍራም ፎጣ ጠቅልዬ፣ ዙሪያውን ስፖንጅ አድርጌ፣ በጣም ኮርቼበት ነው የዘጋሁት። ሲደርስ ካርቶኑ ላይ አንዲት ጭረት የለችም፣ ውስጡ አራቱ ዱቄት ሆነዋል። ከውጭ ማንም አልነካቸውም፣ እርስ በርስ ነው የተጋጩት! ካሳ ብጠይቅ "የውስጥ አስተሻሸጉ በቂ አይደለም" ተባልኩ፣ እውነት ለመናገር ልክ ነበሩ። ከዛ ወዲህ እያንዳንዷን ለብቻ እጠቀልላለሁ፣ በመሃላቸው የካርቶን ቁራጭ አቆማለሁ፣ ውስጣቸውንም በወረቀት እሞላለሁ። ላፕቶፕና እንደዛ አይነት ከባድ ነገር ከሆነ ደግሞ ካርቶን በካርቶን ውስጥ አድርጉት፣ በሁለቱ መሃል ስፖንጅ ይግባ።

ስትጨርሱ አንሱና ጆሯችሁ ጋ ነቅንቁት። የሆነ ነገር ኳ ካለ አላለቀም።

ፕላስተሩ ሰፊው ይሁን፣ 5 ሴንቲ አካባቢ ያለው፣ ቢሮ ውስጥ ያለችው ቀጭን ስኮች አትረባም። መሃሉን ርዝመቱን ጎትታችሁ ከዛ ሁለቱን ጫፎች በመስቀለኛ ዝጉ፣ ከላይ ሲያዩት የተኛ የላቲን ኤች ፊደል ይመስላል፣ ከስርም እንደዛው፣ ብዙ ሰው ስሩን ይረሳል፣ የሚፈነዳው ደግሞ ስሩ ነው። በሲባጎ አትሰሩት፣ ማሽን ውስጥ ይጠላለፋል፣ ብዙ ኩባንያም አይቀበለውም።

አሁን ወደ ኪሳችሁ። ሰው ሁሉ ዕቃውን ቤቱ ሚዛን ላይ ይመዝንና "5 ኪሎ ነው" ብሎ ይሄዳል፣ እዛ ሲደርስ የ14 ኪሎ ሂሳብ ሲጠየቅ ተጭበረበርኩ ብሎ ይጮሃል። አልተጭበረበረም፣ ቮልዩሜትሪክ የሚባል ነገር አለ፣ አውሮፕላን ውስጥ ቦታም ስለሚሸጥ ካርቶኑ የሚይዘው ቦታ ወደ ኪሎ ይለወጣል። ቀመሩ ቀላል ነው፣ ርዝመት በወርድ በቁመት በሴንቲ አባዙና ለ5000 አካፍሉ፣ ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ኩሪየሮች እነ ዲኤችኤል፣ ፌዴክስ፣ ዩፒኤስ በዚህ ነው የሚሄዱት፣ የሀገር ውስጥ ኩባንያዎች ማካፈያው ሊለያይባቸው ስለሚችል ጠይቁ። ከትክክለኛው ክብደትና ከዚህኛው የበለጠው ነው የሚከፈለው። 60 በ40 በ30 የሆነ ካርቶን 72,000 ይሆናል፣ ለ5000 ሲካፈል 14.4 ኪሎ። ያንኑ ዕቃ 50 በ35 በ20 ውስጥ ብታስገቡት 7 ኪሎ ነው፣ ግማሽ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ብርድ ልብስ፣ ጃኬት ምናምን ከሆነ አየሩን አስወጥታችሁ ላስቲክ ውስጥ አሽጉት። የካርቶኑ ሆድ እንዳይነፋ ደግሞ፣ የሚለካው ያበጠው ቦታ ነው።

አድራሻ ላይ ብዙ አላወራም፣ ትልቁና ለጥ ያለው ገጽ ላይ ይለጠፍ፣ መጋጠሚያውና ጠርዙ ላይ አይታጠፍ፣ ባርኮዱ ላይ የሚያብለጨልጭ ፕላስተር አትደርቡ። አሮጌ ካርቶን ከሆነ የድሮውን ሌብል ልጣችሁ ጣሉት፣ አለዚያ ስካነሩ የድሮውን አንብቦ ዕቃችሁ ወደማታውቁት ከተማ ሽርሽር ይሄዳል። አንድ አድራሻና ስልክ የጻፋችሁበት ወረቀት ውስጥም አስገቡ፣ የላዩ ቢላጥ ያድናል። የሀገር ውስጥ ከሆነ ከአድራሻ ይልቅ የሚያስፈልገው የሚነሳ ስልክ ነው፣ አድራሹ በር ላይ ቆሞ "የደወሉላቸው ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም" ከተባለ ዕቃው ተመልሶ ይሄዳል። ወደ ውጭ ከሆነ የሀገሩን ኮድ ጨምሩ፣ ስሙንም ተቀባዩ መታወቂያ ላይ እንዳለው ጻፉ። የኛ ስም በላቲን ሲጻፍ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ፀሐይ የሚለውን አንዱ በቲ አንዱ በቲኤስ ይጀምረዋል፣ የተቀባዩን መታወቂያ ፎቶ አስልካችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡት።

ወደ ውጭ ለምትልኩ፣ መጀመሪያ የማይሄደውን ለዩ። ሽቶና የጥፍር ቀለም የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው የሚባሉት፣ ስፕሬይ ደግሞ ጋዝ አለው፣ ዝም ብሎ ካርቶን ውስጥ ተወሽቆ አይኬድም። ባትሪ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ስልክ ውስጥ ያለ ባትሪ አንድ ነገር ነው፣ ለብቻው የሚሄድ የሊቲየም ባትሪ ሌላ ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ለብቻው የሆነ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነት ሆኖ መሄድ ተከልክሏል። ፓወር ባንክ ደግሞ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ባትሪ ነው የሚቆጠረው፣ ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። ደብቄ ልክተተው አትበሉ፣ ኤክስሬይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ከዛ ሌላው ዕቃችሁም አብሮ ይያዛል።

ከዛ ወረቀቱ፣ እውነተኛው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። በኩሪየር ሲሆን ኢንቮይስ (የዕቃው ዝርዝርና ዋጋ ያለበት ወረቀት) ትሞላላችሁ፣ በፖስታ ቤት ሲሆን ሲኤን 22 ወይም ከፍ ላለ ዋጋ ሲኤን 23 የሚባለውን የጉምሩክ ፎርም። እኔ የመጀመሪያውን ስሞላ የዕቃ መግለጫው ላይ "ስጦታ" ብዬ ጻፍኩ፣ ዋጋው ላይ ዜሮ። ለእህቴ የላክሁት ሶስት ቲሸርት ነበር። አስራ አንድ ቀን ጉምሩክ ተቀመጠ፣ በመጨረሻ ኢሜይል መጣ፦ ምንድነው፣ ከምንድነው የተሰራው፣ ስንት ነው። ስጦታ ለምን እንደላካችሁት ነው የሚናገረው እንጂ ምን እንደላካችሁ አይደለም። "ልብስ"ም አይበቃም። "የሴት ቲሸርት፣ 100% ጥጥ፣ 3 ፍሬ" ተብሎ ይጻፋል፣ የእያንዳንዱ ዋጋ፣ የእያንዳንዱ ክብደት፣ የት እንደተሰራ። ስጦታም ቢሆን ዋጋ አለው፣ ሱቅ ብትገዙት የምትከፍሉትን ጻፉ።

ኤችኤስ ኮድ የሚል ቦታ ካገኛችሁ አትደንግጡ፣ የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ለየዕቃው አይነት የሰጠው ቁጥር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በየሀገሩ አንድ አይነት ናቸው፣ የጥጥ ቲሸርት 6109.10 ነው። ኢንተርኔት ላይ የዕቃውን ስም አስገብታችሁ ፈልጉ፣ ጉምሩክ ሰራተኛው ቋንቋችሁን ባያውቅ ቁጥሩን ያውቀዋል።

ቀረጥ ለማምለጥ ዋጋ ዝቅ አድርጉ የሚላችሁ ጓደኛ አይጠፋም። ህገወጥነቱን ትተን፣ ዕቃው ቢጠፋ የሚከፈላችሁ ከጻፋችሁት ዋጋ አይበልጥም። ከቀረጥ ነጻ የሚገባው መጠን ራሱ ይለዋወጣል፣ አሜሪካ ለዓመታት እስከ 800 ዶላር ዋጋ ያለውን በነጻ ታስገባ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ያ ቀርቷል። አምና የላከ ሰው የነገራችሁን ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

ቀረጡን ማን ይከፍላል የሚለውንም ስትልኩ ነው የምትወስኑት። ዲዲፒ ካላችሁ ላኪው ይከፍላል፣ ዲኤፒ ከሆነ ተቀባዩ በር ላይ ሂሳብ ይጠየቃል፣ ኩሪየሩ ቀድሞ ስለከፈለለትም የአገልግሎት ብሎ ትንሽ ይጨምርበታል። ለሰው ስጦታ ልካችሁ ዕዳ እንዳታሸክሙት አስቀድማችሁ ንገሩት። "ፓርሰልዎ ተይዟል፣ በዚህ ሊንክ ትንሽ ክፍያ ይክፈሉ" የሚል ቴክስትም ይመጣል፣ አጭበርባሪዎች ናቸው አብዛኞቹ፣ ሊንኩን ትታችሁ ትራኪንግ ቁጥሩን (ዕቃው የት እንደደረሰ የሚታይበትን) ራሳችሁ ኩባንያው አፕ ላይ አስገቡና እዩ።

ኢንሹራንስ ለውድ ዕቃ ግዙ። ብዙ ሰው ከጠፋ ኩባንያው ዋጋውን ይከፍለኛል ብሎ ያስባል፣ በአየር ለሚሄድ ጭነት ግን የሞንትሪያል ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል ያስቀመጠው የካሳ ጣሪያ በዋጋ ሳይሆን በኪሎ ነው፣ አሁን በኪሎ 26 ኤስዲአር፣ ያም የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሂሳብ መለኪያ ነው። 400 ግራም የምትመዝን ስልክ ብትጠፋባችሁ ሂሳቡን ስሩት፣ 10 ኤስዲአር ገደማ፣ መሸፈኛዋን እንኳ ላይገዛ ይችላል።

ትራኪንጉን በየሰዓቱ እየከፈታችሁ ራሳችሁን አታሰቃዩ። በፖስታ ከላካችሁ ቁጥሩ ፊደልና አሃዙ ተደምሮ 13 ነው፣ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ የላኪው ሀገር ሁለት ፊደል፣ ከላኪው ሀገር ወጥቶ ተቀባዩ ሀገር እስኪገባ ድረስ ማንም ስካን ስለማያደርገው ለቀናት ዝም ሊል ይችላል። ዝም ማለቱ ጠፋ ማለት አይደለም። "የጉምሩክ ሰነድ ይፈለጋል" የሚል ካያችሁ ግን ያኔውኑ ደውሉ፣ እሱ ቀን እየተቆጠረበት ነው።

ከመዝጋታችሁ በፊት ዕቃውን፣ ከዛ ስፖንጁን፣ ከዛ የተዘጋውን ካርቶን፣ ሌብሉን፣ ሚዛን ላይ ያለውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ተቀባዩም ተሰብሮ ካገኘው ካርቶኑን እንዳይጥለው ንገሩት፣ ፎቶ አንስቶ ወዲያው ያመልክት፣ በዛው በሞንትሪያል ስምምነት ጉዳት ደርሶብኛል ለማለት ያለው ጊዜ 14 ቀን ነው፣ የኩባንያው ውል ላይ ሌላ ቀን ሊኖር ስለሚችል ደረሰኙን ገልብጣችሁ በጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሁፍ እዩዋት። እህቴ ያኔ ቲሸርቶቹ የመጡበትን ካርቶን በደረሰ በሰዓቱ ነበር ቀዳዳ የጣለችው።