ምርጫ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያናችሁ ግራ እንዳትጋባ

የምርጫ ሰሞን በየቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቅሬታ ይሰማል። አንዱ «ሀገር ሲታመስ ዝም ትላላችሁ እንዴ?» ይላል። ሌላው «ላመልክ መጥቼ ፖለቲካ ሰምቼ ሄድኩ» ብሎ ይቆጣል። የሚገርመው፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ስብከት ሊሆን ይችላል።

«እኛ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም» የምትል ዝግጁ መልስ አለች። ብዙ አትመኑባት። ሰው ያለ ፍርድ ሲታሰር ዝም ያለ ሰባኪ፣ ባያስበውም፣ ለአሳሪው ተመችቶታል። አውደ ምሕረቱን ለአንድ ፓርቲ ያስረከበ ደግሞ የሌላውን ፓርቲ ደጋፊ ከበር እንደመለሰው ቁጠሩት። ከሁለቱ መሀል መሄጃ አለ፣ ግን ሥራ ይጠይቃል። ይህን የምጽፈው ያንን ሥራ ለሚሠሩት ነው፤ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለሽማግሌዎች፣ ለመጋቢዎች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ የየትኛውም ቤተ እምነት ይሁኑ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

ደንቡን ቀድማችሁ ጻፉ

ከሁሉ በፊት አንድ ገጽ የምትሞላ ደንብ ጻፉ፤ ዕጩዎች ከመታወቃቸው በፊት። ቀላል ትመስላለች፣ ግን ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው። ማንን እንደምትጠቅም፣ ማንን እንደምትጎዳ ሳታውቁ የጻፋችኋት ደንብ ለሁሉም እኩል ትሆናለች። ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ ግን «ማንም ዕጩ ማይክ አይዝም» ብትሉ፣ ለሚቀጥለው እሑድ የተዘጋጀው ሰው «እኔን ነው» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል።

ምን ይግባባት? በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም መግለጫ የሚሰጠው ማን እንደሆነ። ዕጩ ለአምልኮ ቢመጣ ምን እንደምታደርጉ። ፓርቲ አዳራሻችሁን ለስብሰባ ቢጠይቅ መልሳችሁ ምን እንደሆነ። ከባለሥልጣን ስለሚመጣ ስጦታ። አገልጋዮች በፌስቡክና በቴሌግራም ስለሚጽፉት። ይቺን የመጨረሻዋን በቀላሉ አትለፏት። ፎቶው ላይ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ «የግል አስተያየቴ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? የመዘምራን ግሩፕም እንዲሁ ነው፤ የልምምድ ሰዓት ብቻ ይነገርበት የነበረ ቦታ የቅስቀሳ ፖስተር አንዴ ከገባበት፣ ሰው ድምፁን አጥፍቶ መውጣት ይጀምራል።

ያላችሁበትን ሀገር ሕግም ጠይቁ፣ አንድ ወጥ ነገር የለምና። በእንግሊዝ 26 ጳጳሳት በሕግ በላይኛው ምክር ቤት ይቀመጣሉ። በአሜሪካ ደግሞ በ1954 የወጣ ሕግ ከግብር ነጻ የሆኑ ተቋማት፣ አብያተ ክርስቲያናትም ጭምር፣ ለምርጫ ዕጩም ሆነ በዕጩ ላይ እንዳይቀሰቅሱ ይከለክላል። እምብዛም አይተገበርም፣ ክርክሩም አላለቀም። ሆኖም በ1992 ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው የፕሬዚዳንትነት ዕጩውን ቢል ክሊንተንን አትምረጡ የሚል ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ በጋዜጣ አውጥቶ፣ ለዚያም መዋጮ የጠየቀ አንድ ቤተ ክርስቲያን በ1995 የግብር ነጻነቱን ተነጥቋል። ፍርድ ቤት ሄዶም አልተመለሰለትም።

ስም ስለ መጥራት

የተወዳዳሪ ስም ከመድረክ አይጠራ። ለማሞገስም፣ ለመንቀፍም። ጉዳዩን ግን አንሡ፤ ጉቦን፣ የዳኛን አድልዎ፣ የስደተኛን አያያዝ፣ የድሃን ደመወዝ፣ ነቢያቱ ስለነዚህ ከተናገሩት በላይ የሚናገር የዘመናችን ተቃዋሚ ያለ አይመስለኝም። «ስም አልጠራሁም» ብሎ «ያ መነጽራሙ ሰውዬ» ማለትም አይሠራም፣ ምእመኑ ሞኝ አይደለም።

አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። ስብከቱን ወይም መግለጫውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ የሁለቱን ወገኖች ቦታ ቀያይራችሁ አንብቡት። ያንኑ ጥፋት የሠራው የምትወዱት ፓርቲ ቢሆን ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ቁጣ ትሉት ነበር? ካልሆነ፣ ወረቀቱን አስቀምጡትና ነገ ተመለሱበት። ይህን ፈተና ብቻችሁን አትፈተኑ፤ በፖለቲካ የማይስማማችሁ አንድ ሽማግሌ ያንብብላችሁ። በጉባኤያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ችግራችሁ ከስብከቱ ይበልጣል።

የተጎጂን ስም ግን ጥሩ። በኤል ሳልቫዶር የሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ የእሑድ ስብከት በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። በሳምንቱ የተገደሉትንና የተሰወሩትን በስማቸው እየጠሩ ያነቡ ነበር፤ ከኋላቸውም ቤተሰቦችን እየጠየቀ ማስረጃ የሚሰበስብ የሀገረ ስብከቱ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ነበረ። ከዚህ የምንማረው የቢሮውን ነገር ነው፤ ድፍረቱን ሁሉም ያደንቃል፣ የማጣራቱን ድካም ግን ማንም አያወራለትም። በማግስቱ ውሸት ሆኖ የሚገኝ አንድ ስም ካነበባችሁ ሌሎቹ እውነተኛ ስሞች አብረው ይወድቃሉ። ሮሜሮ መጋቢት 1980 ላይ ቅዳሴ እየመሩ በጥይት ተገደሉ። ዋጋ አያስከፍልም የሚላችሁን አትስሙ።

መጀመሪያ ደብዳቤ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ተረታችን። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ይህን ተረት የሰሙ አይመስሉም። በ390 የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በተሰሎንቄ ሕዝብ ካስፈጀ በኋላ ጳጳሱ ጉባኤ ጠርተው አላወገዙትም። ደብዳቤ ጻፉለት፣ በገዛ እጃቸው፣ እሱ ብቻ እንዲያነበው። ንስሐ ካልገባህ አንተ ባለህበት መሥዋዕቱን አላቀርብም የሚል ነበር። ንጉሡም ንስሐ ገባ።

እናንተም ከሹሙ ጋር ቅሬታ ሲኖራችሁ በዚህ ጀምሩ። ደብዳቤው አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ ምን ተፈጸመ፣ መቼ፣ ማን ላይ፣ ምን ይደረግልን። መልስ የምትጠብቁበትን ቀን ጻፉበት። ቅጂ አስቀሩ። ስታቀርቡ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ ብቻውን የሄደ ሰው ወይ ይፈራል ወይ ይደለላል። ፎቶ ደግሞ አትነሡ! ሹሙ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ፎቶውን ነው፤ ማታ በዜና «ከሃይማኖት አባቶች ጋር መከሩ» ተብሎ ይወጣና የሄዳችሁበት ጉዳይ ይቀራል። ቀኑ ካለፈና መልስ ከሌለ ያኔ ለምእመኑ ይነገር። አደጋው ግን የሰዓታት ጉዳይ ከሆነ፣ ሰው እየሞተ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ቅደም ተከተል እርሱት፤ በአደባባይ ጩኹ።

ስጦታው

ቤተ ክርስቲያንን ከማስፈራራት ማቀፍ ይቀላል። መሬት ይሰጣል፣ ጣራ ይሠራል፣ የድምፅ መሣሪያ ይገዛል፣ ለምረቃው የክብር ወንበር ይዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ማንም «ዝም በሉ» አይላችሁም፣ ራሳችሁ ይሉኝታ ይይዛችኋል።

በሩዋንዳ የኪጋሊው ሊቀ ጳጳስ ለዓመታት የገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበሩ። በ1994 የዘር ማጥፋቱ ሲመጣ ሰዎች ለመትረፍ የሸሹባቸው አብያተ ክርስቲያናት የመታረጃ ቦታ ሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያን መሪዎችም ድምፅ በሚያስፈልገው ልክ አልተሰማም። በ2017 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱና ስለ አባላቷ ኃጢአት ይቅርታ ለመኑ። ሁሉንም ያመጣው የኮሚቴው ወንበር ነው አልልም። ግን እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ገዢውን መገሠጽ እንዴት ይቻላል?

ስለዚህ በደንባችሁ ቁርጥ ያለ ነገር ይኑር። ከመንግሥት የሚመጣ ነገር ለሁሉም እምነት ተቋማት በሕግ በሚሰጥበት መንገድ ከሆነ ተቀበሉ፣ ለጉባኤውም ይነገር። በአንድ ባለሥልጣን ወይም ዕጩ «መልካም ፈቃድ» ከሆነ ምርጫው እስኪያልፍ ይቆይ በሉ። ከልቡ የሰጠ ሰው መቆየቱ አይከፋውም። በ1 ነገሥት 22 ላይ አክዓብን ደስ የሚያሰኙት ነቢያት አራት መቶ ያህል ነበሩ፤ የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻ ነው እውነቱን የነገረው።

ከአገልጋዮቹ አንዱ ልወዳደር ቢልስ?

አብያተ ክርስቲያናት እዚህ ላይ አንድ አይደሉም። በካቶሊክ ሕግ ካህን የመንግሥት ሥልጣን አይዝም፤ አሜሪካዊው ካህን ሮበርት ድሪናን አሥር ዓመት በኮንግረስ አገልግለው በ1980 ከሮም በመጣ ትእዛዝ ዳግም ሳይወዳደሩ ቀርተዋል። በቆጵሮስ ደግሞ ሊቀ ጳጳስ ማካርዮስ ከ1960 ጀምሮ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ቤተ እምነታችሁ ግልጽ ሕግ ከሌለው የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ምእመን ይወዳደር፣ መብቱም ነው፣ በጎ ሥራም ነው። ከመድረክ የሚያገለግል ከሆነ ግን ዕጩነቱን ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ ከመስበክ፣ ከማስተማር፣ ገንዘብ ከመያዝ ይረፍ። የምእመናን የስልክ ዝርዝርም በእጁ አይቆይ።

ዕጩ ሆኖ ለአምልኮ የሚመጣ እንግዳ እንደማንኛውም ሰው ሰላምታ ተሰጥቶት ባገኘው ቦታ ይቀመጥ። ከፊት ወንበር አይለቀቅለት፣ «ሁለት ደቂቃ ሰላምታ ያቅርቡ» አይባል። ሁለት ደቂቃ ብሎ የጨረሰ ፖለቲከኛ አላየሁም።

መናገር ብቻ አይደለም

ብዙ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ተሳትፎ በመግለጫ ነው የሚለካው። በዴሞክራቲክ ኮንጎ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ለ2018ቱ ምርጫ 40,000 ያህል ታዛቢ አሰማራ። ቆጠራው ሲያልቅ ጳጳሳቱ ግልጽ አሸናፊ እንዳለ እናውቃለን አሉ፣ ስሙን ግን አልተናገሩም። የምርጫ ኮሚሽኑ ውጤት ሲያወጣ ደግሞ ከእኛ መረጃ ጋር አይገጥምም አሉ። ውጤቱ አልተቀየረም። ሆኖም ያንን ለማለት የቻሉት በየጣቢያው ሰው ስለነበራቸው ነው። የእናንተ አጥቢያ አሥር ሰው አሠልጥኖ በሕጋዊ ፈቃድ ቢያስታዝብ ከአሥር መግለጫ ይሻላል። በምሥራቅ ጀርመኗ ላይፕዚግ በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ከ1982 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ የሰላም ጸሎት ነበር፣ የማያምኑም ይገቡ ነበር፤ በጥቅምት 1989 ከተማዋን ያጥለቀለቀው 70,000 ያህል ሰልፈኛ ከዚያ ልማድ ነው የበቀለው። በሩን ክፍት ማድረግም ተሳትፎ ነው።

መግለጫ የምታወጡ ከሆነ ደግሞ የማን ሕመም እንዳለበት እዩ። በ1934 በጀርመን ባርመን የተሰበሰቡት የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች፣ ቤተ ክርስቲያን ለሂትለር ርዕዮት አትገዛም ብለው ትልቅ ነገር ተናገሩ። በዚያ ሰነድ ላይ ግን ስለ አይሁድ ስደት አንድ ቃል የለም። የራሳችሁ ሕንጻና የራሳችሁ አባል ሲነካ ብቻ የሚጻፍ መግለጫ ጎረቤታችሁ ያስታውሰዋል።

ከውጤቱ በኋላ

ለመሪዎች የሚጸለየውን ጸሎት ድምፅ ከመቆጠሩ በፊት ጻፉት፤ 1 ጢሞቴዎስ 2 ላይ ስለ ነገሥታት ሁሉ ጸልዩ ሲል «ስለ መረጥናቸው» አይልም። የአሸናፊው ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ ተዉት። ማንም ያሸንፍ ያው ጸሎት ይነበብ፣ ዕልልታም እንጉርጉሮም ሳይጨመርበት።

ከእናንተ መሀል ተወዳድሮ የተሸነፈ ካለ በዚያው ሳምንት ሁለት ሰው ይሂድለት፣ ከማን ፓርቲ እንደነበረ ሳይነሣ። ወደ አገልግሎቱ የሚመለስበትን ጊዜ አስቀድማችሁ በደንቡ ወስኑት። ያሸነፈም ካለ ይመረቅለት፤ ደንቡ ግን ለእሱም አይሸራረፍ፣ ማይኩም እንደተቀመጠ ይቆይ።