ከጃፓን ስፖርት መኪና ወደ አሜሪካ ለምታስመጡ፦ ከመኪናው በፊት ወረቀቱን እዩ

ሰሞኑን ሶስት ልጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ ደውለው ያው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ "ከጃፓን ኒሳን ስካይላይን ማስመጣት ፈልጌ ነበር፣ ነገሩ እንዴት ነው?" ብለው፣ እና ለሁሉም እየደጋገምኩ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። እኔ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ እስካሁን ሁለት መኪና አስመጥቻለሁ፣ የመጀመሪያው አቃጥሎኛል፣ ሁለተኛውን ግን ጠዋት ጠዋት ጋራዤን ከፍቼ ሳየው ፊቴ ይፈታል። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ለመላክ ያሰበ ካለ ይተወው፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ የማወራው አሜሪካ ላላችሁት ነው።

መጀመሪያ 25 ዓመት የሚባለውን ነገር በደንብ ያዙት። ለአሜሪካ ገበያ ያልተሰራ መኪና የአሜሪካን የደህንነት ስታንዳርድ ስለማያሟላ አይገባም፣ ግን ከተሰራ 25 ዓመት ከሞላው ከዛ ስታንዳርድ ነጻ ይሆናል። የጭስ ጉዳይ የሚመለከተው ኢፒኤ ደግሞ 21 ዓመት ነው የሚለው፣ ያውም መኪናው በኦሪጅናል ሁኔታው ካለ፣ ስለዚህ ሞተሩ ወርዶ ሌላ የተገጠመለት መኪና ካያችሁ ዋጋው ምንም ቢያምር የጉምሩክ ብሮከር (ወረቀቱን ጉምሩክ ላይ የሚያስጨርስላችሁ ሰው) ሳታማክሩ እንዳትነኩት። ሰው የሚሳሳተው 25ቱን ከሞዴሉ ዓመት ሲቆጥር ነው። የሚቆጠረው መኪናው ከተሰራበት ወርና ዓመት ነው። አር34 ጂቲአር የሚባለው ስካይላይን መሸጥ የጀመረው ጃንዋሪ 1999 ስለሆነ ጃንዋሪ 2024 ላይ ሁሉም ሰው አበደ፣ ግን አር34 እስከ 2002 ተሰርቷል፣ ኤፕሪል 2002 የተሰራው ኤፕሪል 2027 ላይ ነው የሚሞላው፣ ከዛ በፊት ወደብ ላይ ከደረሰ ችግር ውስጥ ናችሁ።

ታዲያ የተሰራበትን ወር እንዴት ታውቃላችሁ? ብዙ የጃፓን መኪና ኮፈኑ ስር ባለው ፕሌት ላይ ቀን አይጻፍበትም። የጃፓኑ ኤክስፖርት ሰርተፍኬት (በኛ አነጋገር ሊብሬው ማለት ነው) ላይ የሚገኘው መጀመሪያ ታርጋ ያወጣበት ወር ነው፣ ያውም በነሱ አቆጣጠር ተጽፎ። የዘመኑ ስም ሄይሴ ይባላል፣ እኛ 7 ወይ 8 እንደምንደምረው እዛ ላይ 1988 ትደምራላችሁ፣ ሄይሴ 12 ማለት 2000 ነው። ለሀበሻ ይሄ አይከብደውም መቼም። አሁን አስቡት፣ መኪና ሳይሰራ ታርጋ አያወጣም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ታርጋ ካወጣ 25 ዓመት ካለፈው ከተሰራማ በእርግጠኝነት አልፎታል። እኔ በዚህ ሂሳብ ብቻ ነው የምገዛው፣ "ሁለት ወር ነው የቀረው፣ መርከብ ላይ እያለ ይሞላል" የሚል ሻጭ አልሰማም። የሻንሲ ቁጥሩን አስገብቶ የተሰራበትን ወር የሚያወጣ ድረገጽ ለአንዳንድ ሞዴል አለ፣ የመቀመጫ ቀበቶው ላይ ያለችው ጨርቅም አንዳንዴ ቀን አላት፣ ግን እነሱ ማጣሪያ እንጂ ዋና ማስረጃ አይሁኑላችሁ።

ሌላ ወጥመድ ካናዳ ነው። እዛ ህጉ 15 ዓመት ስለሆነ ያለ ምንም ችግር ታርጋ አውጥቶ የሚሄድ ጃፓን መኪና ታያላችሁ፣ ዋጋውም ይጥማል፣ በመንገድ ነድቼ ባመጣውስ ያሰኛል፣ ግን ድንበሩ ላይ የሚጠብቃችሁ ያው 25 ዓመት ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ጃፓን ውስጥ አብዛኛው ያገለገለ መኪና የሚያልፈው በጨረታ ነው፣ ትልቁ ዩኤስኤስ የሚባለው ድርጅት ነው። ጨረታው ላይ የሚጫረተው አባል የሆነ ነጋዴ ብቻ ስለሆነ እናንተ በላኪ በኩል ነው የምትገቡት። ሁለት መንገድ አለ፣ ላኪው ግቢው ውስጥ አቁሞ በፎቶ ከሚሸጠው መግዛት፣ ወይ ላኪው ስለናንተ ጨረታ ላይ እንዲጫረት ማድረግ። እኔ የመጀመሪያውን መኪና፣ የ1999 ቶዮታ አልቴዛ፣ ከግቢ ነው የገዛሁት። ፎቶው ፏ ያለ ነበር፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ዳሽቦርዱ አዲስ ይመስላል፣ አርባ ምናምን ፎቶ ልከውልኝ አንድም ከስር የተነሳ እንደሌለ ያስተዋልኩት መኪናው ባልቲሞር ወደብ ደርሶ ሊፍት ላይ ሲወጣ ነው። መካኒኩ ዝም ብሎ ጣቱን በጎኑ በኩል ካለው ላሜራ ስር ከተተና ጣቱ ገባ። ገባ ስላችሁ ዝም ብሎ ገባ። በኋላ ወረቀቱን ሳስተረጉም መኪናው ዕድሜውን ሙሉ ሆካይዶ (የጃፓን ሰሜን) ነበር፣ በረዶና ለበረዶው መንገድ ላይ በሚበተን ጨው ውስጥ ሲዝግ የኖረ። ለላሜራና ለብየዳ ያወጣሁት ገንዘብ ሌላ ደህና መኪና ይገዛ ነበር፣ ለዛ ነው የምለፈልፈው።

ስለዚህ የጨረታውን ወረቀት ሳታዩ አትግዙ። ወረቀቱ ላይ አጠቃላይ ነጥብ አለ፣ 4 እና 4.5 ጥሩ ነው፣ 3.5 ያገለገለ ነገር ግን የሚሰራበት፣ አር ወይም አርኤ ካለ ግጭት ደርሶበት የተጠገነ ማለት ነው። የውስጡ ለብቻው ከኤ እስከ ዲ ይሰጠዋል። ከዛ ደግሞ የመኪና ስዕል አለ፣ እዛ ላይ ፊደልና ቁጥር ይጻፋል፣ ኤ ጭረት፣ ዩ ስርጉድ፣ ደብልዩ የተጠገነ ቦታ፣ ኤስ ዝገት፣ ሲ የበላው ዝገት፣ ሁለት ኤክስ የተቀየረ፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይብሳል። ከሁሉ በላይ ግን መርማሪው በእጁ የሚጽፋት የጃፓንኛ ማስታወሻ ናት ወርቁ፣ "ከስር ዝገት አለ"፣ "ዘይት ያንጠባጥባል" የሚሉት እዛ ነው ያሉት፣ ከላኪው ውጪ በሆነ ሰው አስተርጉሟት። ወረቀቱን በፎቶሾፕ የሚያሳምር ሌባም ስላለ የጨረታውን ስም፣ ቀኑንና ሎት ቁጥሩን (መኪናው ጨረታው ላይ የተሰጠውን ቁጥር) ተቀበሉና በሌላ በኩል አመሳክሩ። 4.5 ነው እያለ ሎት ቁጥሩን ለመስጠት የሚያቅማማ ሻጭ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

የሞተር ነገር እንደ መኪናው ነው። ስካይላይን ጂቲአር ከሆነ ኮፈኑን አስከፍታችሁ የፊት ሞላው ጫፍ የሚታሰርበትን ቦታ በፎቶ አስነሱ፣ አር33ና አር34 እዛ ጋ ይዝጋሉ። ማዝዳ አርኤክስ-7 ከሆነ ሮታሪ (ፒስተን የሌለው) ሞተር ስለሆነ ኮምፕሬሽኑ የሚለካው በራሱ መሳሪያ ነው፣ "ጥሩ ይነሳል" የሚለው ቪዲዮ ምንም አይነግራችሁም። ኪሎሜትር ብቻ አይታችሁ አትደሰቱ፣ ከጨረታው ወረቀትና ከድሮ የምርመራ ወረቀቱ ጋር ይግጠም፣ ጃፓን ውስጥ ሻከን የሚባል የነሱ ቦሎ አለ፣ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፣ ደህና ባለቤት የነበረው መኪና እነዚህን ወረቀቶች ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው።

ብር ስትልኩ ደግሞ ቀስ። ላኪው የጃፓን ፖሊስ በኩል የሚሰጥ የአሮጌ ዕቃ ንግድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ቁጥሩን ጠይቁ፣ ጁምቪያ የሚባለው የላኪዎች ማህበር ውስጥ አባል ከሆነ ደግሞ ይመረጣል። የባንክ አካውንቱ በድርጅቱ ስም ጃፓን ውስጥ መሆን አለበት፣ በግለሰብ ስም ወይ ሌላ አገር ከሆነ በቃ። እና አንዴ ኢንቮይስ ከመጣ በኋላ "ባንክ ቀይረናል" የሚል ኢሜይል ከደረሳችሁ ኢሜይሉን ሳትመልሱ ድሮ በነበራችሁ ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ኢሜይል ሰብሮ መሀል የሚገባ አለ። ዋጋውም ኤፍኦቢ ነው ሲአይኤፍ ጠይቁ፣ ኤፍኦቢ ጃፓን መርከብ ላይ እስኪጫን ነው፣ የመርከቡና የኢንሹራንሱ ከናንተ ነው፣ ሲአይኤፍ እነሱን ይጨምራል። የባህር ኢንሹራንስ አትዝለሉ።

ማጓጓዣው ወይ ሮሮ ነው፣ መኪናው ተነድቶ መርከብ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ኮንቴይነር። ሮሮ ይረክሳል፣ ግን መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ትርፍ ዕቃ ላይደርስ ይችላል። ከስር ጭቃ ካለው አሜሪካ ሲደርስ ጣጣ ስለሚያመጣ አሳጥባችሁ አስጭኑ። አይኤስኤፍ የሚባለው ፋይል (ስለ ጭነቱ ለአሜሪካ ጉምሩክ ቀድሞ የሚላክ መረጃ) በተለይ ለኮንቴይነር ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት መግባት አለበት፣ ቅጣቱ 5,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል፣ ስለዚህ የጉምሩክ ብሮከር የምትይዙት መኪናው ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ገና ስትጫረቱ ነው።

ጉምሩክ ላይ ለደህንነቱ ኤችኤስ-7፣ ለኢፒኤ 3520-1፣ ከዛ ዋናው የመግቢያ ፎርም 7501 ይሞላል፣ ቦንድም (ለቀረጡ የሚያዝ ዋስትና) ያስፈልጋል። መደበኛው ቀረጥ ለቤት መኪና 2.5 ፐርሰንት ነው። 20,000 ዶላር ለወጣበት መኪና 500 ቀረጥ፣ የማስተናገጃ ክፍያው 0.3464 ፐርሰንት ማለት 69 ዶላር ከምናምን፣ የወደቡ 0.125 ፐርሰንት ማለት 25 ዶላር። በ2025 የመጣው የ25 ፐርሰንት የመኪና ታሪፍ 25 ዓመት የሞላውን አይነካም፣ ግን ሌላው ታሪፍ ሲወጣና ሲወርድ ስለከረመ ብር ከመላካችሁ በፊት በዛው ሳምንት ብሮከሩን ጠይቁ። ማህተም ያለበትን ኤችኤስ-7 እና 7501 ደግሞ እንደ ልደት ሰርተፍኬት አስቀምጡት፣ ያለሱ ታርጋም የለም መሸጥም የለም።

ታርጋ በስቴት ይለያያል። ቨርጂኒያ አንቲክ ታርጋ አለ ግን አጠቃቀሙ የተገደበ ነው፣ በየቀኑ ስራ የምትሄዱበት ከሆነ መደበኛውን አውጡ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አዝናለሁ፣ የፌደራሉን 25 ዓመት ብታልፉም ስቴቱ የራሱ የጭስ ፈተና አለው፣ በተፈቀደ ላብ አሰርቶ ማሳለፉ ኪስ ያራግፋል። ኢንሹራንስም የሻንሲ ቁጥሩ እንደ አሜሪካው 17 ፊደል ስላልሆነ ብዙው ድርጅት ሲስተሙ አይቀበለውም፣ የክላሲክ መኪና ኢንሹራንስ ሂዱ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማምታችሁ።

ሲደርስ ወደብ ውስጥ ዝም ብሎ አይገባም፣ ትዊክ የሚባል መታወቂያ ያለው ሹፌር ወይ አጃቢ ያስፈልጋል፣ ባትሪው ደግሞ መሞቱን ቁጠሩት፣ ስለዚህ ተጎታች ላኩ። ቤት እንደገባ ሳትነዱት ዘይቱን፣ የፍሬን ዘይቱን ቀይሩ፣ የሞተር ቺንጊያ ያለው ከሆነና መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ከሌለ እሱንም፣ ጎማውን ጎኑ ላይ ባለችው አራት ቁጥር ዕድሜውን እዩ፣ ሁለተኛው መኪናዬ፣ ቶዮታ ቼዘሩ፣ ጥለቱ ያልተነካ የ12 ዓመት ጎማ ይዞ ነው የመጣው። ቤንዚን ፕሪሚየም ብቻ። ሬዲዮው የድሮ የጃፓን ስለሆነ ከኤፍኤም 90 በላይ ያለ ጣቢያ አይዝም፣ የኔማ ናቪጌሽኑ እስካሁን ቶኪዮ ያለሁ ነው የሚመስለው፣ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ እየነዳሁ በጃፓንኛ ወደ ግራ ታጠፍ ይለኛል፣ አላወጣሁትም።